በ5.12 ይመጣል የተባለው ጥገና

ስሙኝማ፣ የአንዲት ቁጥር ነገር ላውጋችሁ።

ድሮ ሊኑክስ ላይ ፋይል መገልበጥ ምልልስ ነበር። ፕሮግራሙ ጥቂት ባይት ያነባል፣ ወደ ራሱ ሜሞሪ ያመጣል፣ መልሶ ይጽፋል፤ ደግሞ ያነባል፣ ደግሞ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ከርነል 4.5 ታዲያ ኮፒ ፋይል ሬንጅ የሚባል ጥሪ ይዞ መጣ። ፕሮግራሙ «ከዚህ ፋይል ይህን ያህል ባይት ወደዚያኛው ገልብጥልኝ» ይላል፤ ከርነሉ እዚያው በውስጡ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ላይ ጥሪው ከአንዱ ፋይል ሲስተም ወደ ሌላው አይሻገርም ነበር፤ ቢሞከር ስህተት ይመልሳል። በ2019፣ በ5.3፣ ይህ ክልከላ ተነሣ።

ጣጣው የመጣው ያኔ ነው። ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ሥር ያሉ ፋይሎች ዲስክ ላይ የሉም። ይዘታቸው የሚፈጠረው አንባቢ ሲመጣ ነው፤ መጠናቸው ሲጠየቅ ግን ብዙዎቹ ዜሮ ይላሉ። ጥሪው ያን ዜሮ አየ፣ ምንም ሳይገለብጥ «ፋይሉ አልቋል» ብሎ ተመለሰ። ስህተት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፤ ተቀባዩ እጅ የገባው ባዶ ፋይል ነው። ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከ1.15 ጀምሮ ይህን ጥሪ በውስጡ ይጠቀም ስለነበር፣ የጥሪውን ስም ሰምተው የማያውቁ ፕሮግራመሮች ሳይቀሩ ገቡበት። ከብልሽት ሁሉ እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን ነው። የወደቀ ፕሮግራም ቢያንስ ይጮኻል።

ጥገናው ለ5.12 ታሰበ። የሊኑክስን ጥሪዎች የሚያስረዳው መመሪያ፣ ማን ፔጅስ የሚባለው፣ በ2021 በወጣው 5.13 እትሙ ነገሩ ከ5.12 ጀምሮ እንደተስተካከለ ጻፈ። ጥገናው ግን ከርነሉ ውስጥ አልገባም ነበር! 5.12 ወጣ፣ 5.13 ተከተለ፣ 5.14ም አለፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የወጣውን 5.15 የጫነ ሰው መመሪያውን ከፍቶ «እኔ ጋ ይህ ችግር የለም» ቢል ማን ይፈርድበታል? የተጻፈውን አምኖ ነው። ለዚህ ነው መመሪያ ማረም ከኮድ ማረም ያነሰ ሥራ ነው ሲባል የማልቀበለው፤ ኮዱን የሚያነብ ጥቂት ነው፣ መመሪያውን ግን ሁሉም ይደገፍበታል።

ጥገናው የደረሰው በጁላይ 2022 በወጣው 5.19 ነው። መመሪያውም ታረመ፤ 12 የነበረው 19 ሆነ። አሁን ሲነበብ፣ ከፋይል ሲስተም ወደ ፋይል ሲስተም መሻገር የሚቻለው ሁለቱም አንድ ዓይነት ሲሆኑና ያ ዓይነት ሲደግፈው ነው ይላል። የብልሽቶች ክፍሉ ደግሞ ከ5.3 እስከ 5.18 ያለውን ዘመን ለይቶ፣ በአንዳንድ ምናባዊ ፋይል ሲስተሞች ላይ ጥሪው ሳይገለብጥ ተሳክቷል ይል እንደነበር መዝግቦ ይዟል። አሮጌ ከርነል የሚያስኬድ ሰርቨር ያላችሁ ያን ክፍል አንብቡት፤ ከፕሮክ የምትገለብጡ ከሆነም በዚያ ዘመን ከርነል ላይ የድሮውን ማንበብና መጻፍ ተጠቀሙ።