ሩንዳ፡ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ንግድ ለመክፈት የናይሮቢ ሕግ ምን ይጠይቃል?

በሰሜናዊ ናይሮቢ የምትገኘው ሩንዳ በአንድ ወቅት የቡና እርሻ ነበረች። ዛሬ ሰፋፊ ግቢዎቿና ጸጥታዋ፣ በአጎራባቿ ጊጊሪ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤት የሚሠሩትን ጨምሮ በርካታ የውጭ ዜጎችን ይስባሉ።

በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ቢሮ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም እንጀራ መጋገሪያ ለመክፈት የሚያስብ ሰው፣ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ ማወቅ ይኖርበታል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአውሮፓውያኑ 2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የከተማ ፕላንን ለአውራጃ አስተዳደሮች ሰጥቷል። በ2019 የወጣው የፕላንና የመሬት አጠቃቀም ሕግ ደግሞ ያለ አውራጃው ፈቃድ ማንኛውንም "ልማት" ማካሄድን ይከለክላል። ልማት ሲባል ግንባታ ብቻ አይደለም፤ የቤትን ወይም የመሬትን አጠቃቀም በጉልህ መለወጥንም ያካትታል።

"ጉልህ" የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚሠራ አማካሪ የመኖሪያ ቤቱን ባሕርይ አይለውጥም። በየቀኑ ደንበኞች የሚመላለሱበት፣ መኪኖች መንገድ ላይ የሚደረደሩበት፣ ተቀጣሪዎች የሚሠሩበትና የማስታወቂያ ሰሌዳ የተሰቀለበት ግቢ ግን ለክርክር የተጋለጠ ነው።

ፈቃዱ እንዴት ይገኛል?

አመልካቹ የአጠቃቀም ለውጥ ጥያቄውን ለአውራጃው ያቀርባል፤ ለሕዝብም ማሳወቅ አለበት። ጎረቤቶች ተቃውሟቸውን የማሰማት መብት አላቸው። በውሳኔው ያልተስማማ ወገን በ14 ቀናት ውስጥ ለአውራጃው የፕላን ጉዳዮች ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዚያም ለአካባቢና የመሬት ጉዳዮች ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

ያለ ፈቃድ የጀመረ ሰው ጥፋተኛ ከተባለ እስከ 500 ሺህ የኬንያ ሽልንግ መቀጮ፣ እስከ ሁለት ወር እስራት ወይም ሁለቱም ሊጣልበት ይችላል። የማስቆሚያ ትእዛዝ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ለሚገለገለው ተከራይም ሊደርስ ይችላል።

የንግድ ፈቃድ በቂ ነውን?

አይደለም። የንግድ ፈቃድና የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የናይሮቢ አስተዳደር በመኖሪያ ሰፈሮች የሚሠሩ የምሽት ክለቦችን ፈቃድ መሰረዙ፣ ፈቃድ በእጅ መያዝ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን አሳይቷል።

ድምፅም የራሱ ገደብ አለው። በ2009 የወጣው የኬንያ የድምፅ ብክለት ደንብ፣ በመኖሪያ አካባቢ ከቤት ውጭ የሚሰማ ድምፅ በቀን ከ50፣ በሌሊት ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ያዝዛል። ምግብ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰው በበኩሉ የንጽህናና የጤና ምርመራ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

ተከራዮችና የውጭ ዜጎች

ሌላው መታየት ያለበት ሰነድ የይዞታ ማረጋገጫው ነው። አንዳንድ ይዞታዎች ቦታው ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ብቻ እንዲውል የሚያስገድድ ግዴታ ይኖርባቸዋል። የሩንዳ ነዋሪዎች ማኅበርም የሰፈሩን የመኖሪያነት ባሕርይ በቅርበት ይከታተላል።

የኬንያ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጎች መሬት መያዝ የሚችሉት በሊዝ፣ ያውም ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንደሆነ ይደነግጋል። በራሱ ስም ንግድ የሚያካሂድ የውጭ ዜጋ ከዚህ በተጨማሪ ተገቢውን የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ስለዚህ ለተከራይ የሚበጀው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የይዞታ ሰነዱንና የኪራይ ውሉን ማንበብ፤ ቀጥሎ የባለቤቱን ስምምነት በጽሑፍ መቀበል፤ ከዚያ የአውራጃውን የፕላን ክፍል መጠየቅና ጎረቤትን ማነጋገር፤ በመጨረሻ የንግድ ፈቃድ ማውጣት። ምድጃውን ገዝቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ደንበኛ ካፈራ በኋላ የማስቆሚያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው የሚያጣው የመቀጮውን ገንዘብ ብቻ አይሆንም።