ለአንድ ደጅ ስንት ውሻ?

ያደግሁት የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደው በሚያገኙት ድብ ባሕር ነው። በደጃችን ሁለት ውሾች ነበሩ፤ አንዱ ሌሊት በረቱን ከጅብ፣ ሌላው ቀን ማሳውን ከዝንጀሮ ይጠብቁ ነበር። ሦስተኛ ይጨመር ሲባል አባቴ «ምን ሊበላ?» ይላል። ሕጋችን ይኸው ነበር፤ የውሻን ቁጥር የሚወስኑት ሥራውና ፍርፋሪው ነበሩ።

በሌላው ዓለም ቁጥሩን መንግሥት ይወስናል። ቤጂንግ በመሀል ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሻንጋይ ደግሞ በ2011 ለአንድ ቤተሰብ አንድ ውሻ ብቻ ብለው ደነገጉ። በእኛ ቋንቋ ግን «የቤት እንስሳ» ሲባል ላሚቱም፣ አህያውም፣ ውሻውም በአንድ ስም ይጠራሉ። ለመቀማጠል ብቻ የሚያዝ እንስሳ ለብቻው ስም እንኳ አላወጣንለትም።

በስሜን ተራሮች የውሻን ቁጥር አሳሳቢ ያደረገው ቀይ ቀበሮ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገራችንን ከጎበኘ በኋላ ለአውሬው «ካኒስ ሲሜንሲስ» የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ከዚሁ ተራራ ስም ወስዶ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም የሚገኙት በኢትዮጵያ ነው።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ሰውን በወሰን መከልከል ይቻል ይሆናል። ውሻ ግን ወሰን አያውቅም፤ ጌታው ካላበላው አይጥ ፍለጋ ተራራ ይወጣል፤ አይጥ ደግሞ የቀበሮውም ቀለብ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ይዞት የሚወጣው በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ፣ በዌብ ሸለቆ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተሻግሮ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጀ።

ታዲያ ለአንድ ቤት አንድ ውሻ ብለን ብንደነግግስ? ትርፉን ብንገድለውስ? እዚህ ላይ የራሳችን ቤት ትዝ ይለኛል። አንድ ክረምት የማሳው ውሻችን አበደና ተገደለ። ወር ሳይሞላ አባቴ ቡችላ አመጣ፤ ዝንጀሮው መች ይጠብቀናል! የተገደለ ውሻ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ባልተከተበ ቡችላ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ በሽታው የሚገታው በጅምላ በመግደል ሳይሆን ከመቶ ውሻ ቢያንስ ሰባውን በየጊዜው በመከተብ ነው ይላል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብን በየደጁ ስንት ውሻ እንዳለ ብቻ አይደለም፤ ከመቶው ስንቱ እንደተከተበ ጭምር እንጂ። ቁጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ያልተቆጠረ ውሻ አይከተብም። ነገር ግን የገበሬውን ውሻ የሚቀንስ ሕግ አውጪ፣ ያን ሌሊት በረቱን ማን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ይመልስ።

ፓስተር የመጀመሪያውን ሰው ከእብድ ውሻ በሽታ በክትባት ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። የአባቴ ሕግ ሥራውንና ፍርፋሪውን አስቦ ነበር። የጎደለው አንቀጽ ክትባቱ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከአባቴ እጅ የሚገኝ አልነበረም።