ብርሃን በጭረት እንዴት እንደተለየ

በአገራችን በደብረ ኤልያስ ስለ ቅኔ ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። አንድ ቃል ሁለት ምስጢር ሲይዝ የቅኔ ተማሪ ኅብር ይለዋል፤ መምህሩም ኅብሩን ፈትቶ ሰሙን ከወርቁ ይለይለታል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ኅብር ነው። ይኸውም ነጭ መስሎ የሚታየው ብርሃን ብዙ ቀለም በውስጡ ይዞ ሳለ፥ ሰዎች በቀጫጭን ጭረቶች እንዴት እንደፈቱት ነው።

ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝ አያቴ ነው። እርሱ በወጣትነቱ ቅኔ የተማረ ሰው ነው። አንድ ማታ በደጃፍ ተቀምጠን ስለ ከዋክብት የተማርሁትን ስነግረው፥ «ከምን እንደተሠሩስ ማን ወጥቶ አየው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ቀመሩን ሸምድጄዋለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላውቀውም ነበር።

ኒውተን በ1666 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፀሐይን ብርሃን ፕሪዝም በሚባል ብርጭቆ አሳልፎ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ዘረዘረው። በ1673 ደግሞ የስኮትላንዱ ጄምስ ግሪጎሪ ብርሃን በሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ ላይ የወፍ ላባ ቢያደርግ ቀለማት ተበትነው አየ። የላባው ጥቃቅን ክሮች የመጀመሪያው የጭረት መሣሪያ ሆኑ ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1785 በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ፥ ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን የሚባል ሰው የመንገድ መብራት በሐር መሐረብ ውስጥ ተመለከተ። የሚያየው መስመር መሐረቡን ወዲያና ወዲህ ቢያንቀሳቅሰው አልንቀሳቀስ ስላለው፥ ምክንያቱን ዴቪድ ሪተንሐውስን ጠየቀ። ሪተንሐውስ የሰዓት ሠሪ ነበርና በቀጫጭን ብሎኖች ጥርስ መካከል ፀጉር በትክክል ደርድሮ ወጥሮ የቀለሙን መበተን ለካ። ሥራው ግን ብዙ ተከታይ አላገኘም።

ይህን ሥራ ወደ ፍጻሜ ያደረሰው በ1787 በጀርመን አገር የተወለደው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ነው። በ11 ዓመቱ ወላጆቹን አጥቶ በሙኒክ ከተማ ለአንድ መስተዋት ሠሪ ተቀጠረ። በ1801 ይኖርበት የነበረው ቤት ተደርምሶ ከፍርስራሽ በሕይወት ወጣ፤ የአገሩም መስፍን አዝኖ ገንዘብ ሰጠው። ልጁም በገንዘቡ መጽሐፍና የብርጭቆ መሣሪያ ገዛበት። በ1814 በፀሐይ ብርሃን ኅብረ ቀለም ውስጥ ከ500 የሚበልጡ ጥቁር መስመሮች ቆጠረ፤ በ1821 ደግሞ ቀጭን ሽቦ ደርድሮ ባበጀው መሣሪያ የብርሃንን የሞገድ ርዝመት ለካ። ኋላም ብርጭቆን በአልማዝ ጫረ። በ1826 ሲሞት ገና 39 ዓመቱ ነበር።

አሁን ምክንያቱን እንመልከት። ሁለት ጠጠር በኩሬ ውስጥ ብንጥል፥ ሞገድ ከሞገድ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኝ ይበረታል፤ ጫፉ ከጎድጓዳው ሲገናኝ ግን ይጠፋል። ብርሃንም ሞገድ ስለሆነ፥ በብዙ ጭረቶች መካከል ሲያልፍ ከያንዳንዱ ክፍተት እንደገና ይሰራጫል። ከጎረቤት ክፍተቶች የሚመጡት ሞገዶች ጫፍ ለጫፍ የሚገጥሙት፥ የመንገዳቸው ልዩነት ልክ አንድ የሞገድ ርዝመት ወይም ሁለት፥ ሦስት ሲሆን ነው። የቀይ ሞገድ ረዥም ስለሆነ ያን ልዩነት ለማግኘት ከሐምራዊው ይልቅ ወደ ጎን መራቅ አለበት። በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ 600 ጭረት ቢኖር፥ ሐምራዊው 14 ዲግሪ ያህል፥ ቀዩ 23 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። ጭረቱ በበዛ ቁጥር መስመሩ እየጠራ ይሄዳል።

ይህ ምን ጠቀመ? በ1835 የፈረንሳይ ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት የከዋክብትን ንጥረ ነገር ሰው ከቶ ሊያውቀው አይችልም ሲል ጽፎ ነበር። አያቴም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ነገር ግን 24 ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1859 ኪርኾፍና ቡንዘን ማናቸውም ንጥረ ነገር በብርሃን ውስጥ የራሱን መስመር እንደሚተው አስረዱ። ጨው ያለበት ወጥ ገንፍሎ በሰማያዊው የጋዝ እሳት ላይ ሲፈስስ ነበልባሉ ብጫ የሚሆነው፥ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ምልክቱን ስለሚሰጥ ነው። ያው ምልክት በፀሐይም ተገኘ። ሂሊየምም በ1868 አስቀድሞ የታወቀው በፀሐይ ብርሃን ነው፤ በምድር ላይ የተገኘው በ1895 ነው። ዛሬ በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል።

መምህራችን አንድ ያረጀ ሲዲ አምጥተው በላዩ የሚታዩት ቀለማት በ1 ሚሊ ሜትር 625 ከሚሆኑት መስመሮቹ መምጣታቸውን ካሳዩን በኋላ፥ ወደ አያቴ ተመለስሁ። ማታ የራሱን ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቼ በጨርቁ ውስጥ የሩቅ መብራት እንዲያይ አደረግሁት። መብራቱ በአራት ማዕዘን ተባዝቶ፥ ዳር ዳሩን ቀለም ይዞ ታየው። ብዙ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «ለካስ ወርቁ በጃንጥላዬ ውስጥ ኖሯል» አለ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ላባ፥ መሐረብ፥ ፀጉርና ሽቦ በኛም ቤት አሉ። የጎደለን፥ ያየነውን ነገር «ለምን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን እስክናገኝ መታገሥ ነው። ማስጠንቀቂያም አለኝ፤ ይህን ስትሞክሩ በማናቸውም ነገር ውስጥ ሆናችሁ ፀሐይን አትመልከቱ፤ ዓይንን ያጠፋልና።