ዋቸሞ የሚለው ስም ሲመለስ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከደቡብ አፍሪካ ደወለልኝ። እንደ ብዙዎቹ የእኛ አካባቢ ልጆች እዚያ ሱቅ ይሠራል። ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ ሰፈሩ አወራንና በመጨረሻ «መምህር፣ ያ ዩኒቨርሲቲ ግን ለእኛ ቤት ምን አመጣ?» አለኝ። የጠየቀኝ ለክርክር አልነበረም። የአባቱ ጓሮ እንሰት በአጠውልግ ሲያልቅ ነው እሱ መንገድ የጀመረው። ያኔ ወዲያው አልመለስኩለትም። መልሱን እዚህ ልጻፈው፤ ለሌሎቻችሁም ይሆናል።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። ዛሬ ሆሳዕና የምንላት ከተማ የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2001 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል ይህን የቆየ ስም ይዞ ተነሣ። ማስተማሪያ ሆስፒታሉ ደግሞ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ነው። እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበረች። ወደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ገብታ ከእሳቸውም በኋላ ለብዙ ዘመን የአገር አማካሪ ሆናለች፤ ልብነ ድንግል ልጅ ሳለም በሞግዚትነት አገር መርታለች። መልእክተኛውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችውም እሷ ናት። ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት እንደጻፈችም ይነገርላታል። እንግዲህ «እኛ አካባቢ ትምህርት ትናንት የመጣ ነገር ነው» የሚል ሰው ካለ ይህችን ሴት ያስታውስ።

ዘመናዊው ትምህርት ግን ወደ ገጠራችን የመጣው በዘመቻ በዘመቻ ነው። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው በመምህርነት። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር በመላ አገሪቱ ተሰማራ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ይኼኛው ልዩ የሚያደርገው ነገር አለው። በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሐዲይኛና ከምባትኛም ከእነዚያ መካከል ነበሩ። በማታ ኩራዝ ስር በራሳቸው ቋንቋ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ነበሩን ማለት ነው።

የእነዚህ ሁሉ ዘመቻዎች አንድ ባሕርይ ግን ምንድን ነው? ሰው ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ ያስተምራል፣ ጊዜው ሲያልቅ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ከዘመቻ የሚለየው በዚህ ነው፤ አይሄድም። ተማሪው ከየክልሉ ተመድቦ ይመጣል፣ ተመርቆም ይሄዳል፤ ግቢው ግን ይቀራል። ቤት የሚያከራየው፣ ሻይ የሚያፈላው፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው፣ ባጃጅ የሚነዳው የከተማ ሰው በዚህ ግቢ ዙሪያ ኑሮውን ይመሠርታል። ዱራሜም የራሷን ካምፓስ አግኝታለች። ድሮ ለከባድ ሕክምና አዲስ አበባ ካልሆነ ይባል የነበረው ሰው ዛሬ እዚሁ ከተማው ውስጥ የሐኪሞች ማሠልጠኛ አለው። ለተማሪዬ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው፤ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን እሱ የጠየቀው ስለ ሻይ ቤት አይደለም። ስለ እንሰቱ ነው።

አጠውልግ ለሳይንስ አዲስ አይደለም። ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይተው የጻፉት በ1960 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ግን ይታወቃል። የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር፣ የታመመ እንሰት የነካ ቢላዋ ሳያጸዱ ወይም በእሳት ሳይለበልቡ ጤነኛውን አለመንካት፣ ንጹሕ ችግኝ መትከል፣ ከብት ወደ ጓሮ እንዳይገባ መጠበቅ። አንዱ ጎረቤት ሠርቶ ሌላው ካልሠራ ደግሞ ከንቱ ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ አንድ ጓሮ ሲጠፋ የብዙ ዓመት ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ አብሮ ይጠፋል።

ታዲያ እውቀቱ ካለ ለምን ጓሮ አልደረሰም? እዚህ ላይ የከምባታዋን ልጅ ዶ/ር ቦጋለች ገብሬን ላንሳ። ውኃ ልቀዳ ብለው ከቤት እየወጡ የተማሩ፣ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደው ማይክሮባዮሎጂ ያጠኑ ሴት ናቸው። በ1990ዎቹ መግቢያ አገራቸው ተመልሰው ከእህታቸው ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማን መሠረቱ። የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ሲነሡ ሰዉን ሰብስበው ንግግር አድርገው አልሄዱም። መጀመሪያ ሰዉ የጠየቀውን ሰሙ፣ ድልድይ ሠሩ፤ ከዚያ ሽማግሌውም ሴቱም ወጣቱም በራሱ ቋንቋ ተቀምጦ ወራት እንዲወያይ አደረጉ። አገሬው ራሱ «ይቅር» አለ። ላቦራቶሪ ያውቁ የነበሩት ሴት ሥራቸው የተሳካው ከዛፍ ሥር በተደረገ ውይይት ነው።

እና የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በአገራችን በየዓመቱ ስንት የመመረቂያ ጥናት ይሠራል! ተማሪው መጠይቁን ይዞ ቀበሌ ይወርዳል፣ እናት ሥራዋን አቁማ ትመልስለታለች፣ ወንበር አውጥታ ቡናም ትጋብዘዋለች። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠረዝና መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ያቺ እናት ምን እንደተገኘ ሳትሰማ ትኖራለች። በ1971 ፊደልን በሐዲይኛና በከምባትኛ ማስተማር ከተቻለ፣ ዛሬ የአንድ ጥናት ውጤት በአንድ ገጽ፣ በእሷ ቋንቋ፣ በእድር ወይም በገበያ ቀን መንገር እንዴት ያቅታል? በጀት የሚጠይቅ ነገር እኮ አይደለም።

ተማሪዬ ሆይ፣ ለጥያቄህ መልሴ፦ ዩኒቨርሲቲው ለከተማው ብዙ አምጥቷል፤ ለአባትህ ጓሮ ግን ገና ዕዳ አለበት። ዕዳው የአስተዳደር ብቻ አይደለም፤ እዚያ የተማርንና ያስተማርን ሁላችን እንካፈለዋለን።

እናንተ የተመረቃችሁ፣ ጥናታችሁን የሠራችሁበትን ቀበሌ ታስታውሳላችሁ? ለያሆዴ ወይም ለመሳላ አገር ቤት ስትገቡ ወደዚያ ጎራ በሉና ያገኛችሁትን ንገሯቸው። ከዚያ ምን እንዳሏችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።