በዕለት ጽሑፍ ስለሚገኙ የሰዋስው ስሕተቶች፤ ከጎጃም የቅኔ ትምህርት አንጻር

ጎጃም የቅኔ ሀገር መሆኑ የታወቀ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ከየአገሩ የሚመጡትን ተማሪዎች ሲያስተምሩ የኖሩ ስመ ጥር ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ማመልከቻ፣ ውል ወይም ደብዳቤ የጻፈ ሰው በሰዋስው ሲነቀፍ፣ የሚመዘንበት ሚዛን ብዙ ጊዜ ከቅኔ ቤት የወጣው ግዕዝ ነው። ነገር ግን የነቀፋው ሁሉ ክብደት እኩል አይደለም። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ አንባቢን የሚጎዳውን ስሕተት ከማይጎዳው መለየት ነው።

በመጀመሪያ የሚነቀፈው የፊደል መለዋወጥ ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ «ሰረቀ» ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ እንዲሁም «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ ይሆናል። ይህ ልዩነት በአማርኛ አነጋገር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ከጥንቶቹ የብራና መጻሕፍትም መካከል ፊደሎቹን የሚያለዋውጡ ጥቂት አይደሉም። የታተሙትም መጻሕፍት በአንድ መንገድ አልሄዱም። በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ደራሲ ስማቸው ብዙ ጊዜ «ሀዲስ» ተብሎ ሲታተም፣ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ያንኑ ቃል በአርእስቱ ላይ «ዐዲስ» ብሎ ጽፎታል፤ የግዕዙ ሥር ግን «ሐዲስ» ነው። የቃሉን ዘር ለሚመረምር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማመልከቻውን ለሚያነብ ዳኛ ግን ፍርዱን አይለውጥበትም።

ሁለተኛው ነቀፋ «ሊቃውንቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «መጻሕፍቶች» እያሉ የበዛውን መልሶ ማብዛት ነው። ለዚህ ግን ጥንታዊ ምሳሌ አለው። ግዕዝ ራሱ «ንጉሥ» ሲበዛ «ነገሥት»፣ «ነገሥት»ንም እንደ ገና አብዝቶ «ነገሥታት» ይላል። አማርኛም የግዕዝን ብዙ እንደ ነጠላ አድርጎ የመውሰድ ልማድ አለው። «አህጉር» የ«ሀገር» ብዙ ነበረ፤ ዛሬ ግን አንድ ክፍለ ዓለም ማለት ሆኖ «አህጉራት» ተብሎ ይበዛል። «ሠራዊት»ም የ«ሠርዌ» ብዙ ሳለ ዛሬ እንደ አንድ ይቈጠራል። የቀድሞው መንቆረር ደብረ ማርቆስ በተባለ ጊዜ ከስሙ ጋር የገባው «ደብር» የሚለው ቃል ሲበዛ «አድባር» ይሆናል፤ የገጠሩ ሕዝብ ግን የመንደር ጠባቂ ነው የሚለውን አንዱን መንፈስ፣ ወይም ይህ መንፈስ የሚከበርበትን ዛፍና ጉብታ «አድባር» ይለዋል። ይህን የሀገር ቃል ስሕተት ነው የሚል ከሌለ፣ «መምህራኖች» ያለውን ጸሐፊ ያልተማረ ብሎ መናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። በሥነ ጽሑፍ «መምህራን» ወይም «መምህሮች» ማለት ይበልጣል፤ በሌላው ግን ትርጕም አይፋለስም።

ሦስተኛው ስሕተት ብዙ ሳይነቀፍ የሚያልፈው ነው፤ እርሱም የተሳቢው ምልክት የ«ን» መጕደል ነው። «በቀለ ታደሰን ከሰሰ» ቢባል ከሳሹ በቀለ፣ ተከሳሹ ታደሰ ነው። «በቀለ ታደሰ ከሰሰ» ከተባለ ግን ከሳሹ የታደሰ ልጅ በቀለ ይሆናል፤ ተከሳሹም ከጽሑፉ ይጠፋል። አንዲት ፊደል በመቅረቷ ሁለቱ ባለጉዳዮች አንድ ሰው ሆኑ ማለት ነው። እርግጥ «መሬት ሸጠ» እንደሚባለው፣ ስሙ ያልተወሰነ ሲሆን «ን» ቢቀር ነውር የለበትም፤ በተጸውዖ ስም ላይ ግን ጕዳቱ ይህን ያህል ነው።

ከዚህም ሌላ ምንም ሕግ ሳያፈርስ የሚጎዳ አጻጻፍ አለ። «አለቃውና ልጃቸው ተስማሙ፤ መሬቱንም ሸጡ» የሚል ውል ቢገኝ፣ «ሸጡ» የአክብሮት ነው ወይስ የብዙ? የሸጡት አለቃው ብቻ ናቸው ወይስ ሁለቱም? አንቀጹ አንድ ስለ ሆነ ከእርሱ መለየት አይቻልም። መድኃኒቱ የባለቤቱን ስም ደግሞ መጻፍ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ ካደረገው ወዲህ፣ ዛሬም የክልሉ የሥራ ቋንቋ እንደ መሆኑ፣ የባላገሩ መሬትና ርስት በእንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ላይ ሲመሠረት ኖሯል።

የቅኔ ቤት ትምህርትም በእውነቱ የሚያግዘው በዚህ ላይ ነው። በግዕዝ «ንጉሥ» ባለቤት ሲሆን «ንጉሠ» ተሳቢ ነው፤ ይህን ሳይለይ ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ የለም። ባለቤትን፣ ተሳቢንና ማሰሪያ አንቀጽን መለየት ከፊደል ጥንቃቄ ያላነሰ የሊቃውንት ቅርስ ነው። ሰምና ወርቅ በቅኔ ሲያስመሰግን፣ በውል ላይ አንድ ቃል ሁለት ትርጕም ቢኖረው ግን ጠብና ሙግት ያመጣል። ስለዚህ የተማሪን ጽሑፍ የሚያርም መምህር «ሠ» ወይስ «ሰ» ከማለቱ በፊት፣ ባለቤቱ ማን ነው፣ ተሳቢውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።