በቀዳዳ ያለፈ ቀለም

የዚህችን መጽሔት ሽፋን የርእስ ፊደሎች እንድቆርጥ የተሰጠኝ ጊዜ ሥራው የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ጠንከር ያለ ወረቀት፣ ምላጭ፣ እርሳስ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ፊደሉን በእርሳስ መንደፍ፣ መስመሩን በምላጭ መከተል፣ የተቆረጠውን አንሥቶ መጣል፣ ከዚያ በቀዳዳው ላይ ቀለም መምታት ነው። «ለ» በደኅና ወጣች። «ተ»ም ወጣች። «ዐ» ላይ ስደርስ ግን ጉድ ፈላ። ዙሪያዋን ቆርጬ ሳነሣት መካከሏ አብሮ ወደቀ። ዐይኑ «ዐ» ዐይኑ ጠፋ! ቀለሙን ስመታበት ፊደል መሆኑ ቀርቶ ጥቁር ድቡልቡል ሆነ። «መ»ማ ይባስ ብላ ሁለቱንም ዐይኖቿን አጣች።

አጠገቤ የነበረ ጓደኛዬ ስቆ ሲያበቃ፣ «ድልድይ ተውላት እንጂ!» አለኝ። ድልድይ ማለቱ የመካከሉን ወረቀት ከዳር ካለው ጋር የሚያያይዝ ሳይቆረጥ የሚቀር ቀጭን ማሰሪያ ነው።

ነገሩ ተራ የእጅ ሥራ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። ሰው ወረቀት እየበሳ ምስል ማባዛት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሲያስቸግረው የኖረ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት፤ በባዶው መካከል የቀረውን ነገር ማን ይይዘዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ጥያቄ መልስ ከሩቅ ምሥራቅ አንሥቶ አሁን እስከምታነቡት ገጽ ድረስ መከተል ነው። (የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ፣ የአገራችን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

በመጀመሪያ ሦስቱን ዘመዳሞች እንለያቸው። ማኅተም የሚሠራው በአካሉ ነው፤ ጎልቶ የወጣው ክፍል ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ያርፋል። ስቴንስል የሱ ግልባጭ ነው፤ የሚሠራው በሌለው ነገር ነው፤ ቀለሙ የሚያልፈው ወረቀቱ በጠፋበት ቦታ ነውና። ሦስተኛው ቅርጽ መብሻ ነው፤ ጫፉ የአበባ ወይም የኮከብ ቅርጽ ይዞ የተሳለ ብረት ሲሆን፣ ወረቀት ላይ ሲጫኑት ያንኑ ቅርጽ ባንድ ጊዜ ይከፍታል። የሰላምታ ካርድ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ሦስቱንም ባንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ዓላማቸው ነው፤ አንድ ጊዜ የደከሙበትን መቶ ጊዜ መድገም።

ይህ የመድገም ፍላጎት ጥንታዊ ነው። በሰሜን ምዕራብ ቻይና ዱንሁዋንግ በሚባለው ስፍራ፣ በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተዘጋ አንድ የዋሻ ክፍል ነበር። በ1900 ዋንግ ዩዋንሉ የተባለ የዋሻዎቹ ጠባቂ መነኩሴ አገኘውና ተከፈተ። ክፍሉ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎች ታጭቆ ነበር። ከነዚህ መካከል የቡድሃ ምስል በትንሽ ማኅተም ረድፍ በረድፍ የተመታባቸው ወረቀቶች ይገኛሉ፤ ምስሉን ደጋግሞ ማተም ጽድቅ ያስገኛል ተብሎ ይታመን ነበርና። ደግሞም ንድፋቸው በመርፌ የተበሳ ወረቀቶች አሉ። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የቀለም ዱቄት ሲመታበት ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ ያልፍና ነጠብጣብ ንድፍ ይተዋል፤ ሠዓሊው ያንን ተከትሎ ይሥላል። በሺህ ቡድሃዎች የተሸፈነውን ግድግዳ ያየ ሰው የሠዓሊውን ትዕግሥት ያደንቃል። የተበሳችውን ወረቀት ግን ማን ያስታውሳታል?

ሥራው ሌላ ቢሆንም የኛም የብራና ጸሐፊዎች ከቀዳዳ ጋር ይተዋወቃሉ። የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይበሱና ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ መስመር ያሰምሩበታል። ፊደሉ ቀጥ ብሎ የተሰለፈው በዚያ ቀዳዳ ምክንያት ነው። መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ግን ዐይኑን ጠርዙ ላይ የሚያሳርፍ አንባቢ ጥቂት ነው።

ቀዳዳን ከፍ ካለ ጥበብ ደረጃ ካደረሱት ዋነኞቹ የጃፓን ሰዎች ናቸው። በኢሴ አውራጃ፣ ዛሬ ሱዙካ በምትባለው ከተማ ክልል፣ ሺሮኮና ጂኬ የተባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። የመንደሮቹ ሰዎች የኪሞኖ ጨርቅ ማቅለሚያ የሚሆን ስቴንስል በመቁረጥ ታወቁ፤ ስቴንስሉ ካታጋሚ ይባላል። ወረቀቱ የሚሠራው ኮዞ ከሚባል ቁጥቋጦ ልጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ስስ ወረቀቶች፣ የልጣቸው አቅጣጫ እየተፈራረቀ፣ ካኪ በሚባል ፍሬ ጭማቂ ይጣበቃሉ። ፀሐይ ላይ ከደረቁ በኋላ በጭስ ይታጠናሉ። በጭማቂውና በጭሱ ኃይል ወረቀቱ ቡናማና ጠንካራ ይሆናል፤ ውሃ ቢነካውም በቀላሉ አይበላሽም።

አቆራረጡም ልዩ ልዩ ነው። አንደኛው፣ ጫፉ ግማሽ ክብ የሆነ ወስፌ መሳይ መሣሪያ አቁሞ በጣት እያዞሩ ነጥብ መብሳት ነው፤ ሦስት ሴንቲሜትር በሦስት ሴንቲሜትር በሆነች ቦታ ላይ ብዙ መቶ ቀዳዳ ይበሳል። ሁለተኛው፣ ቀጭን ስለት ወደ ፊት እየገፉ መቁረጥ ነው። ሦስተኛው፣ በማስመሪያ ተደግፎ ስለቱን ወደ ራስ እየሳቡ መስመር ማውጣት ነው። አራተኛው ያ ያልነው ቅርጽ መብሻ ነው፤ ቆራጩ የአበባውን ቅጠል፣ ክቡን፣ ማዕዘኑን እያንዳንዱን በየራሱ ብረት ይበሳዋል። እንዲህ የተዘጋጀው ስቴንስል ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ከሩዝ የተሠራ ሙጫ ይቀባበታል። ሙጫው ያረፈበት ቦታ ቀለም አያስገባም፤ ጨርቁ ተነክሮ ሲታጠብ ንድፉ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ የኔ «ዐ» ያመጣችው ችግር እነሱንም አግኝቷቸዋል። አስቡት፤ ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን መስመር ብቻ የሆነ ንድፍ ሲቆረጥ የሚቀረው ወረቀት እንደ ክር ይንቀጠቀጣል፤ ሙጫ ሲቀቡበት ይጣመማል። ወፍራም ድልድይ ቢተዉለት ደግሞ ድልድዩ ጨርቁ ላይ ይታያል። መፍትሔያቸው የሚገርም ነው። የተቆረጠውን ወረቀት ገጽ ከገጽ ይለያዩና በመካከሉ ቀጫጭን የሐር ክር ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ገጾቹን ቀዳዳ ከቀዳዳ ሳይዛነፍ መልሰው ያጣብቋቸዋል። ክሩ እጅግ ቀጭን በመሆኑ ሙጫው ዙሪያውን ሾልኮ ይገናኛል፤ ጨርቁ ላይ ምልክት አይተውም። ድልድዩ አለ፤ ግን አይታይም።

ይህ ሁሉ ጥበብ ለማን ነበር? ከ1603 እስከ 1868 ጃፓንን በገዛው የቶኩጋዋ ሥርዓት ዘመን ልብስ የማዕረግ ምልክት ነበር። ሳሙራዮች ለሥነ ሥርዓት የሚለብሱት ልብስ በደቃቅ ነጥብ የተሞላ ሲሆን ከሩቅ ለሚያየው አንድ ወጥ ቀለም ይመስላል። ታላላቆቹ መሳፍንት የየራሳቸው ንድፍ ነበራቸው፤ የኪሹ መሳፍንት ንድፍ የሻርክ ቆዳ የሚመስል ነበር። ሺሮኮ ከ1619 ጀምሮ በኪሹ ግዛት ሥር ስለነበረች፣ ስቴንስል ነጋዴዎቿ በመሳፍንቱ ጥበቃ አገር ላገር እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ነጋዴውና የከተማው ሕዝብ ደግሞ በአለባበስ ድንጋጌ ምክንያት የደመቀ ልብስ ሲከለከል ጌጡን ወደ ጥቃቅኑ ነጥብ አወረደው። ከሩቅ ጨዋ፣ ከቅርብ ግን ባለጌጥ! ባላባቱም ነጋዴውም የለበሱት የዚያን ቆራጭ የዐይን ብርሃን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የቆራጩ ስም ግን ጨርቁ ላይ አልነበረም።

ሥርዓቱ ከወደቀና የምዕራባውያን አለባበስና የፋብሪካ ቀለም ከገቡ በኋላ ካታጋሚ ገበያው ቀነሰ። ያገለገሉ ስቴንስሎች በብዛት ወደ አውሮፓና አሜሪካ ተሸጡ። በ1889 በጀርመን አገር የድሬስደን የጌጣጌጥ ጥበብ ሙዚየም ከ15,000 በላይ ገዝቶ አስገባ፤ ይህ ክምችት ለሕዝብ በሰፊው የታየው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2014 ነው። የምዕራብ ንድፍ ሠሪዎች ከነዚህ ወረቀቶች ብዙ ተምረዋል። በጃፓን በኩል መንግሥት በ1955 የዚህን ሙያ ስድስት ባለቤቶች በስም ጠርቶ በከፍተኛ የባህል ቅርስነት መዘገበ። ያንን የማይታይ የሐር ክር የማስገባቱን ሥራ የወከሉት ጆኖኩቺ ሚኤ የተባሉ ሴት ነበሩ። እንግዲህ የድልድይ ሠሪዋ ስም እስኪነሣ ያን ያህል ዘመን ፈጀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማባዣ መኪናችን እንምጣ፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም። በ1876 ቶማስ ኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር የፈጠራ መብት አገኘ። በትንሽ ሞተር የሚነዳ መርፌ ሰው ሲጽፍ ወረቀቱን እየበሳ ይሄዳል፤ በቀዳዳዎቹ ቀለም ሲገፋ ጽሑፉ ይባዛል። በ1887 የቺካጎው አልበርት ብሌክ ዲክ የኤዲሰንን ፈጠራዎች በፈቃድ ወስዶ «ሚሚዮግራፍ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። በዚሁ ዘመን በሀንጋሪ የተወለደው ዴቪድ ጌስቴትነር በ1881 ለንደን ውስጥ ጫፉ ላይ ጥርስ ያላት ትንሽ ጎማ የተገጠመችለትን ብዕር አስመዘገበ፤ ጎማዋ በሰም የተነከረውን ወረቀት እየበሳች ትሄዳለች። ጌስቴትነር በወጣትነቱ አሜሪካ ውስጥ የጃፓን ወረቀት ካይት ይሸጥ ነበር፤ የዚያን ወረቀት ስስነትና ጥንካሬ ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው እየተባለ ይነገራል። ወሬው ቢጋነንም ባይጋነንም፣ ለታይፕ የሚሆነው ስቴንስል ሲሠራ መሠረት ሆኖ ያገለገለው ዮሺኖ የሚባለው ስስ የጃፓን ወረቀት መሆኑ የታወቀ ነው። እሱም ከዚያው ከኮዞ ልጥ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገጥመው። ታይፒስቷ ሪባኑን ከሥራ ውጭ አድርጋ ፊደሉን ስትመታ ብረቱ ሰሙን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ከሥሩ ያለው የልጥ መረብ ግን ሳይበጠስ ይቀራል። ቀለሙ በመረቡ መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ የ«ዐ» ዐይን በመረቡ ተይዞ ከቦታው አይነቃነቅም። የሐር ክሩ ሥራ በልጡ ተተካ ማለት አይደል? አጥብቃ ከመታችው ግን መረቡም ይበጠሳል፤ ዐይኑም ይወድቃል፤ እኔ በምላጭ ያደረግሁት ጥፋት በመኪናም ይደርሳል። መሣሪያው ወዲያው ወደ እናት አገሩ ተመለሰ። ሆሪ ሺንጂሮ የተባለ ጃፓናዊ በ1893 የቺካጎን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አይቶ በተመለሰ ማግስት፣ በ1894፣ በሞረድ መሳይ ብረት ላይ ሰም ወረቀት ተዘርግቶ በብረት ብዕር የሚጻፍበትን ርካሽ ማባዣ ሠራ። ከዚያ በኋላ በጃፓን ትምህርት ቤትም ማኅበርም የራሱን ጽሑፍ ራሱ ማባዛት ቻለ።

ማተሚያ ቤት የባለገንዘብ ወይም የመንግሥት ነው፤ ማባዣ መኪና ግን በአንድ ክፍል ጥግ ይገባል። የማባዣው ጉዳይ በኛም አገር ታሪክ ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ከወጡ ወዲህ በነበሩት ዓመታት የተማሪው ሐሳብ ከእጅ ወደ እጅ የተዛወረው በአብዛኛው በስቴንስል ነው። በ1966 ዓ.ም. «ዲሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በኅቡዕ እየተባዙ መሠራጨት ጀመሩ። በ1969 ዓ.ም. ከተማው ቤት ለቤት ሲታሰስ፣ ከጦር መሣሪያ ጋር የጽሕፈት መኪናና ማባዣም ይፈለግ ነበር። ጽሑፎቹ ከያዙት ሐሳብ የትኛው ትክክል፣ የትኛው ስሕተት ነበር የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የሚከራከሩት ወገኖች የጸሐፊዎቹን ስም ይጠራሉ። ስቴንስሉን ሌሊት የመታችው፣ እጀታውን ያዞረው፣ ጣቱ በቀለም ስለተበከለ የተጠረጠረው ግን ማን ነበር? የታሪክ መጽሐፍ የሚያወራልን ስለ ፊደሉ ነው፤ ስለ መረቡ ብዙም አያወራም።

የታሪክ ተማሪ የሆንን ሰዎች ሥራችን የተጻፈውን ማንበብ ብቻ መስሎን እንዳይቀር ነው ይህን ማንሣቴ። ጽሑፉን ያስቻለው እጅ፣ ወረቀቱ፣ ሰሙ፣ የልጡ ክር ራሱ ሰነድ ነው። በየቤታችን እነዚያን ዓመታት ያሳለፉ፣ ታይፕ የመቱ፣ ወረቀት የደረደሩ፣ ያጣበቁ ሰዎች አሉ፤ ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ዝም ብለዋል። ስማቸውን ለመናገር ፈቃደኛ የሆኑትን እስከዛሬ አለመጠየቃችን ጥፋቱ የኛ ነው። የጃፓኗ ባለሙያ በ1955 የደረሰላቸው ዓይነት ቀን ሳይመጣላቸው ስንቶቹ ይለፉ?

የሽፋኑ ሥራ እንዴት እንዳለቀም ልንገራችሁ። አዲስ ወረቀት አምጥቼ «ዐ»ን እንደገና ቆረጥኋት፤ አሁን ከላይና ከታች ሁለት ቀጫጭን ድልድዮች ተውሁላት። የሐር ክር የለኝም፤ ድልድዮቹም እንደ ኢሴ ሰዎች አልተሰወሩልኝም። ሽፋኑን ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩ በፊደሏ ላይ ሁለት ነጫጭ ሰረዞች ታገኛላችሁ። አዘጋጁ በእርሳስ ልሙላቸው ብሎ ነበር፤ ተዋቸው አልኩት።