ጊዜያዊ የልጅ አጠባበቅ ትእዛዝ

ጊዜያዊ የልጅ አጠባበቅ ትእዛዝ በፍቺ የሚከራከሩ ወላጆች ልጆች፣ የመጨረሻው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ፣ ከማን ዘንድ እንደሚቆዩ፣ ቀለባቸውን ማን እንደሚሰጥና ሌላው ወላጅ መቼ እንደሚጎበኛቸው ፍርድ ቤት የሚወስንበት ትእዛዝ ነው። መነሻው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በአንቀጽ 82 መሠረት የፍቺ አቤቱታ የቀረበለት ችሎት ባልና ሚስቱን ለማስማማት ይሞክራል፤ ስለ ልጆቹ ግን እርቁን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ትእዛዝ ይሰጣል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ብዙዎቹ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ ጉዳዩ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 681 ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ዘንድ እንዲቆይ ያዝ ነበር። አዲሱ አዋጅ ይህን የዕድሜ ወሰን ትቶታል፤ ስለዚህ እናት በዚያ ቁጥር ተማምና፣ አባትም በዚያው ቁጥር ተስፋ ቆርጦ ችሎት መቅረብ የለባቸውም። በፍቺው ውሳኔ ጊዜ አንቀጽ 113 የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ፍርድ ቤቱ እንዲመዝን ያዛል፤ ለጊዜያዊው ትእዛዝ የሚዘጋጅ ሰውም እነዚህኑ መለኪያዎች ይዞ ቢነሣ ይበጀዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናትን ደኅንነት ያስቀድማል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ልጅን ባሳደገች አክስትና በወላጅ አባት መካከል የነበረውን ክርክር ሲወስን የደምን ቅርበት ብቻ አልተመለከተም፤ የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ለአክስቲቱ ፈረደ።

የዝግጅቱም ልብ ይኸው የልጁ ጥቅም ነው። ባልና ሚስት ስለ መከዳት፣ ስለ ስድብ፣ ስለ ዘመድ ጣልቃ ገብነት የሚናገሩት ብዙ ነው፤ ዳኛው ግን መስማት የሚፈልገው የልጁን ውሎ ነው። ጠዋት የሚቀሰቅሰው ማን ነው? ትምህርት ቤት ማን ያደርሰዋል? ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ይዞት የሚሮጠው ማን ነው? የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የደመወዝ ማስረጃና የቤት ኪራይ ውል ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲሆኑ ዋጋ አላቸው። ምስክርም ቢሆን ለወላጁ ከሚያዝን ዘመድ ይልቅ ልጁን በየቀኑ የሚያይ ጎረቤት ወይም መምህር ይሻላል። ድብደባ ወይም ሌላ ጥቃት ካለ ግን ዝም ማለት ልጁን ማጋለጥ ነው፤ የሕክምናና የፖሊስ ማስረጃ ከመጀመሪያው ይቅረብ።

ልጁን በቃል አስጠንቶ ማቅረብ ከባድ ጥፋት ነው። ከቀጠሮው በፊት ልጁን ከለመደው ቤት ደብቆ መውሰድም እንዲሁ፤ ልጁን ያስደነግጣል፣ የወሰደውንም ወላጅ ታማኝነት ያጎድላል። ሌላው ወላጅ የሚጎበኝበትን ቀንና ሰዓት፣ ልጁን የሚረከብበትን ቦታና የበዓላቱን ተራ ጭምር ዘርዝሮ ማቅረብ ግን ለችሎቱ ሥራ ያቀላል። በዐረብ አገር ወይም በሌላ ባሕር ማዶ ያለ ወላጅ በውክልና ሊከራከር ይችላል፤ ሆኖም እሱ በሌለበት ልጁን በእጁ የሚያሳድገው ማን እንደሆነ በግልጽ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ትእዛዙ ጊዜያዊ ቢባልም ክርክሩ ሲራዘም ልጁ አዲሱን ሰፈርና ትምህርት ቤት ይለምዳል፤ ያንን መልሶ ማናጋት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳት ስለሚሆን የመጀመሪያው ቀጠሮ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በመካከሉ ወላጁ ሥራ ቢያጣ፣ ልጁ ቢታመም ወይም የተፈቀደው ጉብኝት ቢከለከል፣ ለውጡን የሚያሳይ ማስረጃ ተይዞ በዚያው መዝገብ ትእዛዙ እንዲሻሻል ይጠየቃል።